ቁጥሩ ከባለቤቱ ጋር የሄደው ካዝና

ፊልም ላይ ሌባው የሐኪም ማዳመጫ ካዝና ላይ ለጥፎ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሲሰማ በሩ ወለል ይላል። ሚዛን ተፈሪ ያሉ ጎረቤቴ የሟች ባለቤታቸውን ካዝና እንድከፍት የለመኑኝም ይህን አይተው ነው። "ሲስተር፣ የፅንስ ልብ በእናቱ ሆድ ላይ ሆነሽ ስትሰሚ ኖረሽ ይሄ ብረት ያቅትሻል?" አሉኝ። ማዳመጫዬን ይዤ ሄድኩ። ምንም አልሰማሁም።

ባለቤታቸው ቡና አቅራቢ ነበሩ። ከሸኮና ከበበቃ በኩል ሰብሳቢዎች የሚያመጡትን ጀንፈል ይገዙ ነበር። ቡና በሚደርስበት ወራት ብር በጆንያ ስለሚገባ ካዝና የሌለው አቅራቢ እንቅልፍ የለውም። የእሳቸው ካዝና ቁልፍ የለውም፤ ያለው ከ0 እስከ 99 የተቆጠረ መዘውር ነው። ቁጥሩን ለማንም ሳይነግሩ በ2012 ክረምት በድንገት አረፉ።

ከለቅሶው በኋላ ወንዶቹ ልጆች በኦክስጅን ይቆረጥ አሉ። በያጁ መጥቶ አየውና "በሩን እከፍታለሁ፣ ውስጥ ላለው ወረቀት ግን ኃላፊነት አልወስድም" አለ። የቤቱ ካርታና የብድር ውሎች እዚያ ስላሉ እናት እምቢ አሉ። ውጭ አገር ያለችው ልጅ ደግሞ እኔ ሳልኖር አይነካም አለች። እንዲህ ሲባባሉ አራት ዓመት ሊሞላ ሆነ።

ማዳመጫው ሲያሳፍረኝ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሎስ አላሞስ ሲሠራ የባልደረቦቹን ካዝና ይከፍት ነበር። ከዘዴዎቹ አንዱ መገመት ነው፤ የአንዱን ካዝና የከፈተው የሒሳብ ሰዎች ሁሉ በሚያውቁት 27-18-28 ነው። እኛም የልደት ቀን፣ የሠርግ ቀን፣ የስልክ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ ሞከርን። አልሆነም።

የቀረው ትክክለኛው መንገድ ነው። ከመዘውሩ ጀርባ ሦስት ክብ ሰሌዳዎች እንደ እንጀራ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ጠርዛቸው ላይ አንድ ክፍተት አላቸው። ሦስቱ ክፍተቶች ሲገጥሙ ከላይ ያለው ዘንግ ይገባባቸውና መወርወሪያው ይሸሻል። ከመዘውሩ ጋር የሚዞር አራተኛ ሰሌዳም አለ፤ የዘንጉ አፍንጫ በእሱ ሰፋ ያለ ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ ግራና ቀኙን ይነካል። ያ ንክኪ እጅ ላይ ይታወቃል። በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው ሥራው ሁሉ። ሰሌዳዎቹ ሲሠሩ ፍጹም እኩል ስለማይወጡ ዘንጉ ከፍ ባለው ላይ ያርፋል፤ የዚያ ሰሌዳ ክፍተት ከሥሩ ሲመጣ ዘንጉ በፀጉር ያህል ዝቅ ይልና ርቀቱ ይጠባል።

መዘውሩን ወደ ግራ አራት ጊዜ አዙሬ ሦስቱንም ሰሌዳ 0 ላይ አቆምኩ፤ ግራና ቀኙን አንብቤ ጻፍኩ። ከዚያ 2 ከግማሽ፣ ከዚያ 5፣ እንዲህ እያልኩ ዙሩን ስጨርስ 40 ንባብ ሆነ። የአንድ ቁጥር ሩብ እንኳ ለውጥ ነው፤ ያለ መነጽር አይሞከርም። ንባቡን ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩት። ለካስ የበሽተኛ የትኩሳት ቻርት ነው! ያንን ደግሞ እድሜ ልኬን ሳነብ ኖሬያለሁ። ጣትም ቢሆን የደም ሥር ትርታ ሲፈልግ የኖረ ጣት ነው፤ ተጭኖ ሳይሆን አርፎ ይሰማል።

መብራት ሲጠፋ እያቆምኩ፣ ስሳሳት ከ0 እየጀመርኩ 11 ምሽት ፈጀ። መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ወረደ፤ የትኛው የትኛው ሰሌዳ እንደሆነ አንዱን እያንቀሳቀስኩ ለየሁ። ሦስተኛው በሙከራ የሚገኝ ስለሆነ እዚያ ላይ ቆምኩ። የሰው ንብረት ብቻዬን አልከፍትም። በማግስቱ ልጆቹ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሰው ተቀመጡ፤ ልጅቷ በስልክ ቪዲዮ ታየን ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ስሞክር ማንም አላወራም። ከዚያ መዘውሩ እጄ ላይ ቆም አለና መወርወሪያው ሸሸ።

ካርታው ደህና ነው። ውሎቹም አሉ፤ ጫፋቸው በሚዛን እርጥበት ሻግቷል እንጂ ይነበባሉ። ከሥር በላስቲክ የታሰረ ብር ተደርድሯል። ታላቁ ልጅ አንዱን እስር አነሳና ዝም አለ። አሮጌው ባለ 100 እና ባለ 50 ነው። መስከረም 2013 የብር ኖቱ ተቀይሮ ለመለወጫ ሦስት ወር ሲሰጥ ካዝናው ተዘግቶ፣ እነሱ እየተከራከሩ ነበር። መጠኑን እሳቸው ስላልወደዱ አልጽፍም።

ልጆቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ እናት እስሩን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። "የአንድ ዓመት ቡና ነው" አሉ። ቆየት ብለው ካርታውን አንስተው ለታላቁ ሰጡትና ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ከመሄዴ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ልጅ በየብጣሽ ወረቀት ጻፍኩ። ለልጅቷ በስልክ ነገርናት፤ ሁለት ጊዜ ደግማ አነበበችልን።