ቁመት ይለካል፣ የጨዋታ ዓይንስ?

የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ወር ወጣት ተስፈኞችን ቺካጎ ይሰበስባል። ቁመታቸው ያለ ጫማ፣ የተዘረጋ ክንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል፤ ሲዘሉና ሲሮጡ ይታያሉ። ሐኪሞች ይመረምሯቸዋል፤ የክለብ ኃላፊዎችም ለየብቻ እየጠሩ ያነጋግሯቸዋል።

ልኬቱ ግን ሊያሳስት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 በእንዲህ ያለው ፈተና ወጣቱ ኬቨን ዱራንት 84 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ብረት በጀርባው ተኝቶ አንዴም መግፋት አቃተው። በዚያ ዓመት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፣ ፖርትላንድ በ1ኛ ምርጫው ግዙፉን ግሬግ ኦደንን ወሰደ፤ ዱራንት በ2ኛነት ለሲያትል ደረሰ። ኦደን ጉልበቱ እየተጎዳ በመደበኛው የውድድር ዘመን 105 ጨዋታ ብቻ ሲያደርግ፣ ዱራንት በ2014 የሊጉ ኮከብ ተባለ።

የሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ፈጣን አይደለም፣ ከፍ ብሎም አይዘልም። በ2014 ዴንቨር በ41ኛነት ሲመርጠው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ማስታወቂያ እያሳየ ነበር። የኳስ ማቀበል ጥበቡና ሜዳውን የማንበብ ብቃቱ ግን ሦስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ አድርጎታል፤ በ2023ም ዴንቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ።

ስለዚህ መልማዮች ከልኬቱ ባሻገር የጨዋታ ቪዲዮ ያገላብጣሉ፤ የተጫዋቹን ዕድሜና የተጋጣሚዎቹንም ጥንካሬ ያመዛዝናሉ።