ቁልፉ ራሱ የሚናገረው ቁጥር

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል 526 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይገርፋል፣ መሪው አያስነካም። ከቤት ሳይወጡ በሪሞት ሞተር አስነስቶ ኤሲውን ቀድሞ የሚያሠራ መሣሪያ፣ ምንም እንኳ በብዛት የተለመደው ክረምቱ በረዶ በሆነባቸው እንደ ካናዳ ባሉ አገሮች ቢሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆላ የታሰበ ይመስላል። መሣሪያውን የሚገጥም ባለሙያ ታዲያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ትርፍ ቁልፍ አለ ወይ?» የሚል ነው። በቀድሞው አሠራር ያ ትርፍ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለባለቤቱ አይመለስም። ቺፑ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከዳሽቦርዱ ሥር ይቀበራል፤ ሞተሩ በሪሞት ሲነሳ መኪናው ትክክለኛው ቁልፍ የገባ ይመስለዋል።

መኪናው ያለዚያ ቺፕ አልነሳም የሚለው ለምንድን ነው? ፋብሪካዎቹ የመልሱን ዋና ክፍል ለዓመታት ሸሽገውታል። ምስጢሩ የወጣው በየተራ፣ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ በሮች ነው። የመጨረሻው በር የተከፈተው ደግሞ ጋምቤላ መንገድ ላይ ዕለት ተዕለት በምናያቸው የቶዮታ ስሞች ላይ ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በተሠሩ ብዙ መኪኖች ቁልፍ ላይ፣ ፕላስቲኩ ጭንቅላት ውስጥ፣ ባትሪ የሌለው ትንሽ ቺፕ አለ። ቁልፉ ሲገባ ኳድሮውን የከበበው የሽቦ ጥቅል በ125 ወይም በ134 ኪሎኸርዝ ገደማ ሞገድ ኃይል ይልክለታል። ቺፑ በዚያች ኃይል ይነቃል። የመኪናው ኮምፒውተር በዘፈቀደ የመረጠውን ቁጥር ይልክለትና «በምስጢራችን አስልተህ መልስልኝ» ይለዋል፤ ቺፑ ያሰላል፣ ይመልሳል። መልሱ ከኮምፒውተሩ ስሌት ጋር ከገጠመ ነዳጅ ይፈቀዳል። ካልገጠመ ብረቱ በትክክል የተቀረጸ ቁልፍም ቢሆን ሞተሩ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጎታል። በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሪሞት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው፤ ባትሪው ቢያልቅም ቺፑ እስካለ ድረስ ሞተሩ ይነሳል። ብዙ ሹፌር ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ባትሪ መቀየር ሲበቃው መኪናውን በገመድ ያስጎትታል።

የመጀመሪያው በር የተከፈተው ባልቲሞር ውስጥ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ቦኖ፣ ማቲው ግሪን፣ አዳም ስተብልፊልድና አቪ ሩቢን፣ ከአርኤስኤ ላቦራቶሪ ደግሞ አሪ ጁልስና ማይክል ሺድሎ ተባብረው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቺፕ ያዙ። ቺፑ በዚያን ጊዜ ከ100 ሚሊዮን በላይ የመኪና ቁልፎች ውስጥ ነበር። የስሌቱን አሠራር ኩባንያው ለሕዝብ ገልጦ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ እጅ የገባው የኩባንያው መሐንዲስ ኡልሪሽ ካይዘር በአንድ ገለጻ ላይ ያሳየው ረቂቅ ሥዕል ብቻ ነበር፤ እሱም ሙሉ አልነበረም፣ በእውነቱ ቺፕ ውስጥ ካለው ጋርም በትክክል አይገጥምም።

ቺፑን ፈልቅቀው በማጉሊያ አላዩትም። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የመሞከሪያ ዕቃ ገዝተው፣ ራሳቸው የመረጡትን ምስጢር ባዶ ቺፕ ላይ እየጻፉ፣ ራሳቸው የመረጡትን ጥያቄ እየላኩ መልሱን መዘገቡ። አንዲት አኃዝ ለውጦ የመልሱ የትኛው ክፍል እንደተነካ ማየት፣ እንደገና መለወጥ፣ እንደገና ማየት። ከዚህ ሁሉ ትዕግሥት በኋላ ሥዕሉ የጎደለው ነገር አንድ በአንድ ሞላ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የማደንቀው ይህንን ክፍል ነው፤ ለመጠየቅ ዕቃው ያስፈልጋቸው ነበር እንጂ የማንም ፈቃድ አላስፈለጋቸውም።

ስሌቱ ሲታወቅ የቀረው ምስጢራዊው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 40 ቢት ነበር፤ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ማለት ነው። በሴኮንድ አንድ የሚሞክር ሰው ሁሉንም ለመጨረስ ከ34 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እነሱ ግን ለዚህ ስሌት ብቻ ያሰናዷቸውን 16 ቺፖች በአንድ ጊዜ አሠሯቸው። ኩባንያው «እስቲ እነዚህን» ብሎ ቁጥራቸው የማይታወቅ አምስት ቺፖች ላከላቸው፤ የአምስቱም ቁጥር በሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተገኘ። ከዚያ የራሳቸውን ማስመሰያ ሠርተው የ2005 ሞዴል ፎርድ አስነሱ። በዚያው ዓመት ጥናታቸውን አሳተሙ።

ኢንዱስትሪው የወሰደው ትምህርት ቁጥሩን ማስረዘም ነበር። ስሌቱን ግን መደበቁን ቀጠለ። በምስጢር ሳይንስ ውስጥ ከ1883 ጀምሮ የሚታወቅ የኦጉስት ከርክሆፍስ ሕግ አለ፦ አንድ የምስጢር ዘዴ አሠራሩ በሙሉ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ እስካልተገኘ ድረስ መጽናት አለበት። ሕጉን የሚያውቁ መሐንዲሶች በየኩባንያው እንዳሉ አልጠራጠርም። ያም ሆኖ ሁለተኛው በር እንዲሁ ተከፈተ፣ በጣም በሚያስገርም ቦታ።

ቁልፍ የሚቀርጹ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ታንጎ ፕሮግራመር የሚባል የቡልጋሪያ መሣሪያ አለ። ከኮምፒውተር ጋር ይያያዛል፣ አዲስ ቺፕ ያዘጋጃል። ይህን ሥራ ለመሥራት የቁልፉን ስሌት ማወቅ ግድ ይለዋል። ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ፍላቪዮ ጋርሲያ፣ ከኔዘርላንድስ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ሩል ቨርደልትና ባሪሽ ኤጌ ያስተዋሉት ይህንን ነው። በቮልስዋገን፣ በአውዲ፣ በፖርሸና በሌሎችም መኪኖች ውስጥ ያለው የሜጋሞስ ቺፕ ባለ 96 ቢት ቁጥር ነው፤ ስሌቱ የምስጢር ምስጢር ይባላል። ነገር ግን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚያገኘው ሶፍትዌር ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ውስጥ አወጡት፣ አጠኑት፣ ድክመቱንም አገኙ። ለቺፑ አምራች በኅዳር 2012 አሳወቁ።

ቮልስዋገን ለንደን ላይ ከሰሳቸው፤ በሰኔ 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጥናቱ እንዳይታተም አገደ። ጽሑፉ በነሐሴ 2015 ዋሽንግተን ላይ ሲቀርብ አንድ ዓረፍተ ነገር ወጥቶለት ነበር።

ስለዚህ ክስ ሳስብ ከተመራማሪዎቹ ጎን እቆማለሁ። ስሌቱን የያዘው መሣሪያ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ መስረቅ የሚፈልግ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሳያውቅ የቀረው መኪናውን በላቡ የገዛው ባለቤት ነው።

ሦስተኛው በር እኛ ዘንድ ያደርሰናል። በሌቨን ዩኒቨርሲቲ ሌነርት ቮውተርስ፣ ከበርሚንግሃምም ጋርሲያና ባልደረቦቹ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ተተኪ ቺፕ መረጡ። ይህኛው 80 ቢት ነው። ቁጥር እየሞከሩ ማግኘት በዚህ ላይ ከንቱ ድካም ነው፤ የባልቲሞሩ ስልት አይሠራም። እነሱም ወደ ቁልፉ ሳይሆን ወደ መኪናው ዞሩ። ከአሮጌ መኪና የተፈቱ የኢሞቢላይዘር ክፍሎችን ገዝተው ማስታወሻቸው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም አወጡ። ስሌቱ እዚያ ነበር።

ፈልገው ያገኙት አስደንጋጭ ነገር ከስሌቱ ውጭ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ምስጢራዊ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ታዲያ ፋብሪካው ያንን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? በቶዮታ ላይ መልሱ ይህ ሆነ፦ ከቺፑ መለያ ቁጥር። መለያ ቁጥሩን ደግሞ ቁልፉ አጠገቡ ቀርቦ በሞገድ ለጠየቀው ሁሉ በግልጽ ይናገራል። የቀመሩን መንገድ አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው ከተነገረው ቁጥር ተነስቶ ወደ ምስጢሩ ይደርሳል። በኪያና በሃዩንዳይ ደግሞ 80 ቢት የተባለው ምስጢር በእውነት የሚለዋወጠው 24 ቢቱ ብቻ ነበር።

ጥናቱ በመጋቢት 2020 ሲወጣ በቶዮታ በኩል የተዘረዘሩት ስሞች ለእኛ እንግዳ አይደሉም፦ ኮሮላ፣ ያሪስ፣ ራቭ4፣ ሃይሉክስ፣ ሃይኤስ፣ ፎርቹነር፣ ላንድክሩዘር። አብዛኞቹ ከ2009 እስከ 2015 አካባቢ ባሉት ዓመታት የተሠሩ ናቸው። በጋምቤላ ክልል ይህ ዝርዝር ከሌላው አካባቢ የበለጠ ይከብዳል። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በ2013 መጨረሻ ከፈነዳ ወዲህ ኩሌ፣ ቴርኪዲና ጀዊ መጠለያዎች ተከፍተዋል፤ ወደ ኢታንግ፣ ወደ አቦቦና ወደ ፑኝዶ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የእርዳታ ድርጅትም ሆነ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በላንድክሩዘርና በሃይሉክስ ነው።

ሁሉም አደጋ ላይ ናቸው ማለት አይደለም። ጨርሶ ኢሞቢላይዘር ሳይገጠምላቸው የመጡ የላንድክሩዘር ሃርድቶፖች አሉ። ቁልፉ ሲወጣ ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ካለች ኢሞቢላይዘር እንዳለው ትጠቁማለች። ቺፕ ያለውን የሚያታልል ሰውም ቁልፉ ዘንድ ለአፍታ በጣም መቅረብ አለበት፤ ከዚያ በኋላም የብረቱ ቁልፍና የመሪው መቆለፊያ ይቀሩታል። ስለዚህ ቁልፍን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ፣ መኪና ለሚያጥብ ልጅ ወይም ለማያውቁት ሰው መስጠት ከዚህ ጥናት በኋላ ሌላ ትርጉም አለው።

በጥናቱ ከተዘረዘሩት ሌሎች መኪኖች መካከል የ2018 ቴስላ ሞዴል ኤስ በኢንተርኔት በተላከ ማሻሻያ ተስተካከለ። የቶዮታዎቹ ኢሞቢላይዘር ግን እንዲህ በሩቅ የሚታደስበት መንገድ የለውም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ደግሞ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ ቶዮታዎች ገና ብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራሉ፤ ከእያንዳንዱ ሻጭ ጋር የቀረ ቁልፍም ይኖራል።

ለዚህ ነው አሮጌ ቶዮታ የሚገዛ ሰው ከዋጋው እኩል ስለ ቁልፎቹ መጠየቅ ያለበት። በብዙዎቹ ሞዴሎች ጥቁር ጭንቅላት ያለው ዋናው ቁልፍ ነው፤ አዲስ ቁልፍ መኪናው እንዲያውቀው የሚያስመዘግበው እሱ ብቻ ነው። ግራጫው ሞተር ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ አያስመዘግብም። ጥቁሩ በእጅ እያለ ሌላ ማስቀረጽ ቀላል ሥራ ነው። ሁሉም ከጠፉ በኋላ ግን በአንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ኮምፒውተሩን ፈትቶ ማስታወሻውን እንደገና መጻፍ ወይም ኮምፒውተሩን መቀየር ይጠይቃል፤ ይህን የሚሠራ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ውጭ ካልተገኘ መኪናው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ይሄዳል። ግዢው ሲፈጸምም የነበሩት ቁልፎች በሙሉ ከኮምፒውተሩ ተሰርዘው በገዢው እጅ ያሉት ብቻ እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ማድረግ ይቻላል። በቁልፍ ሠሪው መሣሪያ የሚጠናቀቅ አጭር ሥራ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ኪስ ውስጥ የቀረው ቁልፍ ከዚያ በኋላ በሩን ቢከፍትም ሞተሩን አያስነሳም።