ፈርነሱ ቶሎ አልሞቀም? ፓወር ሊሚቱን ከመንካታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

በዩኒቨርሲቲ ላብ የምትሠሩ፣ ለመመረቂያ ጥናታችሁ አፈር፣ ሸክላ ወይም ማዕድን ፈርነስ (የኤሌክትሪክ እቶን) ውስጥ የምታስገቡ ሁሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ኤለመንቱ ከተቃጠለ መለዋወጫው ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ጥናቱም ይቆማል። ኤለመንት ከሚያቃጥሉ ነገሮች አንዷ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለች ቁጥር ናት፦ ፓወር ሊሚት።

🔹 ምንድን ነው?

ኮንትሮለሩ ላይ የምትሞሉት ሙቀት፣ ለምሳሌ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ መድረሻውን ነው የሚናገረው። ፓወር ሊሚት ግን እዚያ ለመድረስ ከሙሉ ኃይሉ እስከ ስንት ፐርሰንት መጠቀም እንደሚቻል ይወስናል። በመኪና ብናስበው፣ ነዳጅ መስጫው እስከየት እንዲረገጥ ተፈቀደ እንደማለት ነው።

🔹 ለምን ይገደባል?

ቴርሞካፕሉ የሚለካው የእቶኑን ውስጥ ነው። ኤለመንቱ ራሱ ግን፣ በተለይ ፈርነሱ እየሞቀ ሳለ፣ ከዚያ በላይ ይግላል። ስክሪኑ 900 ሲል ሽቦው ስንት እንደደረሰ ኮንትሮለሩ አያይም። ስለዚህ ሽቦውን የሚጠብቀው ገደቡ ነው።

ሌላው ምክንያት ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጅ በ10% ሲጨምር የኤለመንቱ ኃይል በ10% ሳይሆን በ21% ይጨምራል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። በ200 ቮልት ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ የተሠራ ኤለመንት እኛ አገር 220 ቮልት ላይ ሲሰካ 121% ይሆናል። ትርፉን ለመቁረጥ ገደቡ 82% አካባቢ ይደረጋል። ማለትም ያቺ 82 ዝም ብላ የተጻፈች አይደለችም።

🔹 ወጥመዱ የት ነው?

መብራት ደክሞ ቮልቴጁ 190 ወረደ እንበል። ያው ፈርነስ አሁን የሚያገኘው ከሙሉ ኃይሉ 74% ገደማ ብቻ ነው። ይዘገያል። አንዱ ተነስቶ «ችግር የለም» ብሎ ገደቡን 100% ያደርገዋል፤ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ማታ ላይ ቮልቴጁ 220 ሲመለስ ግን ኤለመንቱ 121% ይሸከማል። ማንም ሳይነካው ተቃጠለ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

🔹 መጨመር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ የለም?

አለ። የሲሊከን ካርባይድ ኤለመንት ሲያረጅ ሬዚስታንሱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በያው ቮልቴጅ የሚሰጠው ኃይልም ይቀንሳል። ያኔ ማኑዋሉ በሚለው መሠረት ገደቡን በትንሽ በትንሹ ከፍ ማድረግ የተለመደ ጥገና ነው። አዲስ ኤለመንት ሲገባ ግን ወደ ቀድሞው መመለስ አለበት።

የሞሊብደነም ዳይሲሊሳይድ ኤለመንት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ ከረንት ይስባል። «ለምን ቀስ ብሎ ይጀምራል?» ብላችሁ የመነሻ ገደቡን አታንሱት።

✅ ምን እናድርግ?

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት የነበረውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

2. ፈርነሱ ከዘገየ መጀመሪያ ቮልቴጁን አስለኩ፤ የተበጠሰ ኤለመንት ወይም በደንብ የማይገጥም በር እንዳለም አስፈትሹ። ክዳን መክፈት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

3. የሙቀቱን ፍጥነት መቀየር ከፈለጋችሁ የምትቀይሩት በደቂቃ ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር የሚሞላበትን ቦታ ነው። ያንንም አታብዙት፤ የአሉሚና ቱቦ በፍጥነት ሲሞቅ ይሰነጠቃል።

4. ኮንትሮለር ከተቀየረ ገደቡን አረጋግጡ። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ 100% ላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው።

5. ፓወር ሊሚት የአደጋ መከላከያ አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው ሪሌይ ተጣብቆ ከቀረ ገደቡ አያቆመውም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲመጣ ለብቻው የሚቆርጥ መሣሪያ ሊኖር ይገባል።

የላባችሁ ፈርነስ ገደብ ስንት ላይ ነው? ነገ ስትገቡ እዩትና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጎኑ ላይ ለጥፉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ያመሰግናችኋል።

ላብ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉ 🙏