የጋራ መዝገብ በኔትወርክ፦ የትኛውን የመረጃ ቋት እንምረጥ?

አንድ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የዕቃ መዝገቡን በኮምፒዩተር ይዟል እንበል። በመደርደሪያው 40 ሌንሶች አሉ። ሁለት ረዳቶች በየኮምፒዩተራቸው በአንድ ጊዜ «40» የሚለውን ቁጥር ያነባሉ። አንደኛው 5 አውጥቶ «35» ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው 3 አውጥቶ «37» ብሎ በላዩ ላይ ይጽፍበታል። የቀሩት ሌንሶች 32 ናቸው፤ መዝገቡ ግን 37 ይላል። ሁለቱም በትክክል ቀንሰዋል፤ የተሳሳተው መዝገቡ ነው። የተመዘገበው የተማሪዎች ውጤት ወይም የሕሙማን መድኃኒት ቢሆን ጉዳቱን መገመት አያዳግትም። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ሰዎች በአካባቢ ኔትወርክ የሚጋሩት የመረጃ ቋት እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

ሁለት አሠራሮች

የመጀመሪያው ፋይል መጋራት ነው። የመረጃው ፋይል በጋራ ፎልደር ይቀመጥና እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ራሱ እየከፈተ ያነባል፣ ይጽፋል። ማይክሮሶፍት አክሰስ የሚሠራው በዚህ መልክ ነው፤ ፋይሉም ከ2 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስኪውላይትም መረጃውን በአንድ ፋይል ይይዛል።

ሁለተኛው የሰርቨር አሠራር ነው። ፋይሉን የሚነካው በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ጥያቄ ልከው መልስ ይቀበላሉ። ማይኤስኪውኤልና በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ምርምር የተወለደው ፖስትግሬስኪውኤል ከዚህ ወገን ናቸው።

በመሥሪያ ቤት ብንመስለው፣ በመጀመሪያው አሠራር ሠራተኛው ሁሉ መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ይመዛል፤ በሁለተኛው ግን በመስኮት በኩል የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ይጠይቃል።

ፋይል በመጋራትም ጊዜ ሁለት ሰው በአንድነት እንዳይጽፍ የሚከለክል ቁልፍ አለ። ቁልፉ የሚጸናው ግን ኔትወርኩ በታማኝነት ሲያስከብረው ነው። የኤስኪውላይት አዘጋጆች ብዙ ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ አንድ ፋይል ላይ እንዳይጽፉ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰርቨር መኖሩ ብቻውንም የሌንሶቹን ስሕተት አያስቀርም። ትእዛዙ «35 ብለህ ጻፍ» ሳይሆን «ካለው ላይ 5 ቀንስ» መሆን አለበት። ያን ጊዜ ሰርቨሩ ትእዛዞቹን በተራ ፈጽሞ 32 ላይ ይደርሳል።

የፍጥነት ስሌት

በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኔትወርክ፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያሳልፋል። ማውጫ የሌለው 200 ሜጋባይት ሠንጠረዥ በፋይል መጋራት ሲፈተሽ መረጃው በሙሉ በሽቦው ያልፋል፤ ይህም ቢያንስ 16 ሴኮንድ ይፈጃል። 10 ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢፈትሹ 160 ሴኮንድ ይሆናል። በሰርቨር አሠራር ግን ፍለጋው እዚያው ይከናወንና በሽቦው የሚያልፈው ጥያቄውና መልሱ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ፋይል በመጋራት ጊዜ አንዱ ኮምፒዩተር እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋበት የሁሉም ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨር ግን ለውጡን አስቀድሞ በማስታወሻ መዝገብ ያሰፍራል፤ ተመልሶ ሲነሣም የጸደቀውን ይፈጽማል፣ በጅምር የቀረውን ይሰርዛል። በዩፒኤስ ሊጠበቅ የሚገባውም በዋናነት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይሆናል።

ታዲያ የትኛውን?

ተጠቃሚው አንድ ሰው ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃል። ጥቂት ሰዎች በአመዛኙ የሚያነቡት አነስተኛ መዝገብ ከሆነ አክሰስ ያገለግላል፤ ሠንጠረዦቹ በጋራው ኮምፒዩተር፣ ቅጾቹ በየግል ኮምፒዩተሩ ይቀመጡ፤ ግንኙነቱም በሽቦ እንጂ በገመድ አልባ አይሁን። ብዙዎች የሚጽፉበት ወይም ቢጠፋ የማይተካ መረጃ ከሆነ ግን ሰርቨር መምረጥ ይገባል፤ ፖስትግሬስኪውኤል ያለ ክፍያ ስለሚገኝ ዋጋው ሰበብ አይሆንም። የትኛውም ቢመረጥ በየዕለቱ ቅጂ ይወሰድ፤ ቅጂው ተመልሶ መከፈቱም አልፎ አልፎ ይሞከር፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራልና።