ለጥንታዊው ሚኒ ጎሚኒ ስለ መምረጥ
አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው እንግሊዛዊው ሚኒ፣ መንኮራኩሮቹ ከአካሉ ጋር የሚገናኙት በሁለት ንዑስ ሻንሲዎች አማካይነት ነው። የኋለኛው ከመነሻው በጎሚኒ፣ ማለትም ንዝረት በሚውጥ የጎማ ትራስ፣ ተይዟል፤ የፊተኛው ግን እስከ 1976 ድረስ በቀጥታ በቡሎን ይታሰር ነበር።

ጎሚኒው ሲያረጅ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሻንሲው ይንቀሳቀሳል፤ መሪውም ይዋዥቃል። ብዙዎች ታዲያ በድፍን አሉሚኒየም ይተኩታል። መሪው በእርግጥ ይታዘዛል፤ ዳሩ ግን ጎማው ይውጠው የነበረው ንዝረት ወደ ቆርቆሮው ይሻገራል፤ ዝገት ያሳሳው ቆርቆሮ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለውድድር ካልሆነ አልመክረውም። ለዕለት ጉዞ እኔ ከፊት ፖሊዩሪቴን፣ ከኋላ የቀድሞውን ጎማ እመርጣለሁ። አስቀድማችሁ ግን ቡሎኑ የሚያርፍበትን ቆርቆሮ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ድምፁ ከደነዘ ብየዳው ከጎሚኒው ግዢ ይቅደም።