የባሕር ቤተ ሰብና የዓሣ ምግብ

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች መካከል በሸራ ጀልባ የሚዘዋወር ቤተ ሰብ ኑሮው እንደኛው ነው፤ እናት ትጋግራለች፥ ልጆች ይማራሉ፥ የዝናቡም ውሃ በሸራ ይጠራቀማል። ገበያው ግን ባሕሩ ነውና፥ አባት ከጀልባው ኋላ መንጠቆ ያለበትን ረጅም ገመድ እየጎተተ ቱና ያጠምዳል።

ስለ ምን ወደ ጥልቁ ይርቃል ብለን ብንጠይቅ፥ ምክንያቱ ይህ ነው። በደሴቱ ዙሪያ ባለው በኮራሉ ዐለት ላይ በዓይን የማይታይ መርዛም ፍጥረት ይበቅላል፤ ትንሹ ዓሣ እርሱን፥ ትልቁም ትንሹን ሲበላ መርዙ ይከማቻል። ዓሣው አይሸትም፤ ቢቀቀል፥ ቢጠበስ፥ በጨው ቢታሽም መርዙ አይጠፋም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1774 ዓ.ም. የካፒቴን ኩክ ባሕርተኞች በማሌኩላ ደሴት ያጠመዱትን ዓሣ በልተው በጽኑ ታመው ነበር።

እንግዲህ እሳት ሁሉን ያነጻል የምንል እንታረም፤ ብልኅ እመቤት ድስቷን ሳትጥድ ዓሣው ከወዴት እንደ መጣ ትጠይቃለች።