የባሕር ዳር ሐውልትን ከትዝታ በውሃ ቀለም መሳል

የጦር መታሰቢያ ሐውልት በጦርነት የሞቱ ሰዎች እንዳይረሱ የሚቆም ነው። አንዳንዱ ከተማ መሐል ይቆማል። አንዳንዱ ግን ሰዎቹ በወደቁበት በባሕር ዳር ይቆማል።

በቱርክ አገር ጋሊፖሊ የሚባል፣ በግራም በቀኝም ባሕር ያለው ቦታ አለ። በሚያዝያ ወር 1907 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ወታደሮቻቸውን ከመርከብ አውርደው እዚያ ከቱርክ ጦር ጋር ተዋጉ። ስምንት ወር ያህል ተዋግተው ሳይሳካላቸው ለቀው ሄዱ። ከሁለቱም ወገን ከ100,000 በላይ ሰው አለቀ። ከቱርክ ወታደሮች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ።

ዛሬ በዚያ ምድር ጫፍ ላይ የሄለስ ሐውልት ቆሟል። ቁመቱ ከ30 ሜትር ይበልጣል። በባሕሩ የሚያልፍ መርከበኛ ከሩቅ ያየዋል። በእንግሊዝ ወገን ተሰልፈው ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ20,000 በላይ ሰዎች ስም በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ቱርኮችም ከዚያ ሳይርቅ፣ በአራት ዓምድ የቆመ፣ 41 ሜትር ከፍታ ያለው ሐውልት ለወገኖቻቸው አሠርተዋል።

እንግዲህ አንድ ተጓዥ ይህን አይቶ አገሩ ገባ እንበል። ያየውን በውሃ ቀለም መሳል ቢፈልግ እንዴት ያደርጋል?

የውሃ ቀለም የሚሠራው የደቀቀ ቀለም ከሙጫ ጋር ተደባልቆ ነው። ሙጫው ከግራር ዛፍ የሚገኝ ነው፤ በእኛም አገር በቆላው ይለቀማል። ሠዓሊው ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ በብሩሽ ወረቀት ላይ ይቀባል። ቀለሙ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ወረቀት ያሳያል። ስለዚህ የፈካው ይቀድማል፣ የጠቆረው ይከተላል። አንዴ የጠቆረ ቦታ እንደገና ነጭ አይሆንም።

ታዲያ ነጣ ያለው ሐውልት በምን ይሳላል? ባለመቀባት ነው! መጀመሪያ ቅርጹ በእርሳስ ቀለል ተደርጎ ይነደፋል። ቀጥሎ ሰማዩ ይቀባል፤ ሲደርቅ ባሕሩ ይቀባል። የሐውልቱ ቦታ ግን ሳይነካ ይተዋል። በመጨረሻ ፀሐይ በማይመታው ጎኑ ላይ ስስ ጥላ ይደረግበታል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ቆሞ ይታያል።

ትዝታ ግን ያታልላል። ሐውልቱን ከነበረው ያስረዝማል፣ ያልነበረ አበባ ያበቅላል። መድኃኒቱ እቦታው ላይ ሆኖ መጻፍ ነው። «ባሕሩ በግራ፣ ፀሐይ ከኋላ፣ ሰው ከሥሩ ሲቆም ይህን ያህላል» ብሎ ሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል። ተርነር የተባለው የታወቀ እንግሊዛዊ ሠዓሊ (1775–1851) በጉዞው ላይ በደብተሩ በእርሳስ እየነደፈ፣ ብዙውን ቀለም የሚቀባው በኋላ ቤቱ ገብቶ ነበር። በደብተር የሌለውንና ያልታወሰውን ነገር ሠዓሊው ከልቡ ፈጥሮ ከሚሞላ ባዶውን ቢተወው ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በሥዕል አይሆንም። ከ20,000 በላይ ስም በትንሽ ወረቀት ላይ አይገባም። ሠዓሊው በስሙ ፋንታ ስስ ግራጫ ብቻ ይቀባል። ልጁ በጋሊፖሊ የቀረበት አባት ግን ግራጫውን አይፈልግም። መቃብር የለምና የልጁን ስም ፈልጎ፣ ፊደሉን በጣቱ ተከትሎ ማንበብ ይፈልጋል። ሥዕሉ ቦታውን ላላዩት ያሳያል። ሰውየው ማን እንደነበረ የሚናገረው ግን የተጻፈው ስም ነው።

ለውይይት፦
1. የሐውልቱ ቦታ ለምን ሳይቀባ ይተዋል?
2. በቀበሌያችሁ ለጦርነት ሄደው ያልተመለሱ እነማን ናቸው? ስማቸውን ከነአባታቸው በደብተራችሁ ጻፉ።